በሻርፔ ጫፍ የተቋጠረችው ኪኒን

«ትወና ነው እኮ!» አለች ልጄ። «ፊቷን ይዛ ግድግዳ ለግድግዳ ስትሄድ ብታያት አንጀትሽን ትበላዋለች። መንጋጋዋን አስነቅዬላታለሁ። ራጅ አስነስቻታለሁ። ንጹህ ነው አሉ፤ ንጹህ! እኔ ጉልበቴ እንዲህ እየቆረጠመኝ ቆሜ እውላለሁ፤ እሷ ነፋስ ጉንጬን ነካኝ ብላ ትተኛለች።»

ይሄን የምትለው ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ነው፤ በጠዋቱ የቀሚሷን ጫፍ ልትለካላት መጥታ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ፤ ተኝታለች ብለው ነው። የተኛች አሮጊት የምትሰማውን ያህል የነቃ ሰው አይሰማም፤ ስንቱን የሰፈር ጉድ ያገኘሁት አይኔን ጨፍኜ ነው። የማን ባል የት እንዳደረ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ ሁሉንም። የዛሬው ወሬ ግን አልጣመኝም፤ የምትታማው ሰው አጠገቤ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለሷ አልሠራም። የልጅ ልጄ አልጋዬ ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ፣ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ የናቷን ቃል አንድ በአንድ ትሰማለች።

«ታዲያ ዛሬ ደግሞ ወዴት ናት?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ መርፌ በአፏ ይዛ ነው መሰለኝ ድምጿ ታፍኗል።

«ድምፅ ልትፈተን ነዋ። ያ የውጪውን ድራማ በኛ ቋንቋ የሚያስወሩት ቤት። የመጨረሻሽ ነው ብያታለሁ። ዛሬ ካልሆነላት ሰኞ አጎቷ ሱቅ ገብታ ቧንቧና ምስማር ትሸጣለች። አለቀ ደቀቀ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ አይኔን ከፈትኩላት። ሳቅ አለች፤ የምትስቀው በግራ በኩል ብቻ ነው፣ ቀኙ ዝም እንዳለ ይቀራል።

እኛ ራዲዮ ነው የምንላት። ድክ ድክ ስትል ጀምሮ የሰማችውን ሰው ሁሉ ድምፅ ታመጣው ነበር። በር ጀርባ ቆማ በአጎቷ ድምፅ «አንቺ፣ ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» ስትል እናቷ ደንግጣ ምድጃ ታቀጣጥላለች። እኔ ፊደል አልዘለቅኩም። ያኔ ድራማው እንደአሁኑ በቋንቋችን አይወራም፤ ከሥሩ ጽሑፍ ይሮጣል። ማን ያንብብልኝ? እሷ ናት። እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ሽማግሌውን በሽማግሌ ድምፅ፣ ቅምጥሏን በቅምጥል ድምፅ፣ ውሻውን ሳይቀር እያስጮኸች ታነብልኛለች። ጽሑፉ ሲፈጥንባት ከራሷ ትፈጥራለች። እንደምትፈጥር አውቃለሁ፤ ዝም እላለሁ፤ ከድራማው የሷ ይበልጥ ነበራ። «እማማ፣ እኔ ሳድግ ድምፅ ነው የምሆነው» ያለችኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ ተመኝታ አታውቅም።

ሕመሙ ደግሞ መጣባት። ጥርሷን ስትቦርሽ ነው የጀመራት፤ ቀኝ ጉንጯን መብረቅ እንደመታው ሆና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያዝ አድርጎ የሚለቅ ነገር ነው፤ ግን ሲይዛት ያየ ሰው «ያዝ አድርጎ ለቀቃት» ብሎ አያወራም። ነፋስ ይቀሰቅሰዋል፣ ማኘክ ይቀሰቅሰዋል፣ የትራስ ጫፍ ይቀሰቅሰዋል። ፀጉሯን የምታበጥረው ግማሹን ነው። ማልቀስ እንኳ አትችልም፤ እንባው በጉንጯ ሲወርድ ያነሳባታል። እናቷም ይሄን ይዛ ነው የምትከራከረው፤ «ያመመው ሰው አያለቅስም ወይ?» ትላለች። የጥርስ ነው ተብሎ ደህና ደህናዎቹ መንጋጋዎች ተነቀሉ። በኋላ አንዲት ሐኪም የፊት ነርቭ ነው፣ በራጅ አይታይም፣ ይቺን ኪኒን ሳታቋርጪ ዋጪ አለቻት። ኪኒኗ ደግ ናት፤ ሕመሙን ታስተኛዋለች። ግን ምላሷንም አብራ ታስተኛዋለች። ራዲዮ ኪኒን ውጣ ስታወራ ባትሪው እንዳለቀበት ራዲዮ ትንቀረፈፋለች። ባለፈው አንድ ቦታ ልትፈተን ሄዳ «በጠዋቱ ቀማምሰሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» ብለው እየሳቁ መለሷት።

ስለዚህ ዛሬ አልዋጠችም። ትናንት ማታም አልዋጠችም። ልብስ ሰፊዋ እስክትወጣ ጠብቃ ኪኒኗን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያዢልኝ እማማ። እኔ ጋ ከሆነች እውጣታለሁ። ፈተናው ሲያልቅ ትሰጪኛለሽ። ለእማዬ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ለኔ ነው ትንፍሽ እንዳትዪ የምትለኝ! ጠዋት የሰማሁትን ከምሳ በፊት ካላወራሁት ሆዴ የሚነፋ ሴትዮ ነኝ። ቢሆንም ተቀበልኳትና በሻርፔ ጫፍ ቋጠርኳት። «አብሬሽ ካልሄድኩ ግን እናገራለሁ» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ድራማዎቹን የሚያወሩትን ሰዎች በአይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል እኔ ተቀመጥኩ፤ ነፋሱን እንድከላከልላት። እሷ ፊቷን በፎጣ ጠቅልላ አይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ከፊታችን አንድ ወፍራም ሰውዬ መስኮቱን ሳብ አድርጎ ከፈተው።

«ዝጋው!» አልኩት።

«እማማ፣ ይሞቃል እኮ።»

«ሙቀት ገድሎህ አያውቅም፤ እኔ ግን እገድልሃለሁ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሰውዬውም ስቆ ዘጋው። ራዲዮ አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የምትፈተንበትን ቃል እያጠናች መስሎኝ ጆሮዬን ወደሷ ጠጋ አደረግኩ። ቃሉን አይደለም። «ዛሬ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ» ነው የምትለው። የራሷን ጉንጭ ነው የምትለምነው፤ አምላክንም አይደለም። አበስኩ ገበርኩ! እኔ የማይሆን ነገር እንዳልናገር ወደ ውጪ ዞርኩ።

ቤቱ ከሶፋ መሸጫ በላይ ነው። ደረጃው አያልቅም፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። እንደወጣን ትንሽዬ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ እንደ እብድ የሚዞር ቬንትሌተር። ሄጄ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ወንበሩ ላይ አንዲት ቀጫጫ ሴትዮ ሹራብ ትሠራለች፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዶ ስታዩአት ዝንብ እንኳ እሽ የማትል ትመስላለች። «ይቀመጡ እናቴ፣ እግርዎን ያሳርፉ» ስትለኝ ግን ደሜ ቀጥ አለ። ድምጿን አውቀዋለሁ! ማታ ማታ ያቺን ምስኪን ምራቷን የምትበላት ክፉዋ አማት ናት!

«አንቺ ነሽ!» አልኳት። «ያቺን ልጅ መርዝ ያጠጣሻት!»

«እኔው ነኝ እናቴ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ልጄን አስገድላለሁ።»

«ምን አድርጎሽ?»

«ውርስ።»

«አይ ውርስ!» አልኳት። ወዲያው ተግባባን። ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ያ መንታው ወንድም እውነት ሞቶ እንደሆነ፣ ሁሉንም ጠየቅኳት። ራዲዮ ፎጣዋን ፈትታ ግድግዳውን እያየች ትጠብቃለች። ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል። አማት ሹራቧን እየሠራች ከመነጽሯ በላይ ሁለት ጊዜ ያህል አየቻት።

ተጠራን። ዳይሬክተሩ ጢሙ የጸጉሩን ድርሻ የወሰደበት ጎልማሳ ነው። «እናታችን እዚህ ይጠብቁ» ሲል፣ ልጅ ብቻዋን ለማያውቁት ወንድ አትሰጥም አልኩት፤ እሺ ብሎ ከድምፅ ቀጂው ኋላ በርጩማ ሰጠኝ። ከፊታችን መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ራዲዮ ብቻዋን ቆማለች። የሷ ክፍል ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ ነፋስ የለ፣ መስኮት የለ፣ እንደ ምድጃ ይሞቃል አሉ። እሰይ አልኩ በሆዴ። ለሷ ከዚህ የተሻለ ክፍል የት ይገኛል? ተሠርቶ የጠበቃት ነው የሚመስለው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሥዕሉ ይመጣል፤ የውጪዋ ሴት በራሷ ቋንቋ ታወራለች፤ እናንተ በጆሯችሁ እሷን እየሰማችሁ፣ አፏን እያያችሁ፣ በኛ ቋንቋ ታወራላችሁ። ስትከፍት መክፈት፣ ስትዘጋ መዝጋት፤ ትንሽ ከቀደሙ ወይም ከቀሩ ከንፈሯ የሰው ከንፈር መሆኑ ይቀራል። ራዲዮ ትልቁን ማዳመጫ ቀኙን ከጆሮዋ ኋላ ሸሸት አድርጋ ነበር ያጠለቀችው። የመጀመሪያውን አወራች፤ ገበያ የምትከራከር ሴት ነበረች። ድምፅ ቀጂው ወደ ዳይሬክተሩ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ። ሁለተኛውን አወራች፤ ባሏን የምታባብል። እኔ ሳላውቀው ፈገግ ብያለሁ፤ እግሬ ሥር ቁጭ ያለችው ያቺ ሕፃን ናት የመጣችብኝ።

«ጥሩ ነው» አለ ዳይሬክተሩ በማይኩ። «ጥሩ የምታወራ ግን ሞልታለች። አሁን የምፈልገው እናትየዋን ነው። በሩን ትከፍታለች፣ ልጇን ሞቶ ታገኘዋለች። ስንቷን ፈተንኩ፤ ሁሉም እንደ በር ሲጥ ነው የሚሉት። ማዳመጫሽን በደንብ አጥልቂው፤ ሁለቱንም ጆሮ፤ እንዲህ ከሆነ ይረብሸናል።»

ራዲዮ አየችኝ። ቀኙን ሳበችና ጆሮዋ ላይ አሳረፈችው። ጠርዙ ጉንጯን ነካ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አየሁት። ሥዕሉ ጀመረ። ሴትየዋ በሩን ከፈተች። ገባች። አጎነበሰች።

ያን ድምፅ ቤት ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ትራስ ታፍነዋለች እንጂ እንዲህ ለቅቃው አታውቅም። መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው የመሰለኝ። ከሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት አፏን የከፈተችው ልክ ያኔ ነው፤ የተዘጋውም ልክ ራዲዮ የወረቀት ማስቀመጫውን ስትይዝ ነው። ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን አወለቀ። ዳይሬክተሩ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆመ። ከዚያ አጨበጨበ።

«ይሄ ነው! በናትሽ፣ ከየት አመጣሽው! ከንፈሯ ላይ ቁጭ ነው ያለው!»

«ድምፁ ተሰንጥቋል» አለ ድምፅ ቀጂው። «በጣም ከፍ ብሎብኛል፤ አይሠራም። ቀነስ አድርጌ አንዴ ብንደግመው።»

«ትደግመዋለች፤ ምን ችግር አለ።»

አማት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምታ ሹራቧን እንደያዘች መጥታለች። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «እናቴ» አለችኝ በዚያ በምራት ገዳይ ድምጿ፣ «እኔ በዚህ ጉሮሮ ስጮህ ነው ያረጀሁት። ይሄ ከጉሮሮ አይደለም የወጣው። ልጅቷን ምን ነክቷት ነው? ይንገሯቸው።»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ። እኔ እኮ የሰው ገመና በአደባባይ ሳሰጣ የኖርኩ ነኝ፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እየተባልኩ የተሰደብኩ ነኝ። መስታወቱን አየሁ። ራዲዮ ከመስታወቱ ወዲያ እያየችኝ ነው። አይኗን ሰፋ አድርጋ አንገቷን ወዘወዘች።

«ምንም አልሆነች» አልኳት አማትን። «ጎበዝ ናት።»

ሥዕሉ እንደገና ጀመረ። ሴትየዋ በሩን ከፈተች። እኔ እንዳይመጣባት ስጸልይ፣ እሷ ደግሞ እንዲመጣላት ነው ለካ የምትጠብቀው። አልመጣም። ይሄ ሕመም እንዲህ ነው፤ ሂድ ሲሉት ይመጣል፣ ና ሲሉት ይቀራል። ሴትየዋ ገባች። አጎነበሰች። ራዲዮ እጇን አነሳች። አመልካች ጣቷን፣ በዚያች ፎጣ እንኳ በማታስነካት ቦታ ላይ፣ አፍንጫዋ አጠገብ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገቻት።

ጮኸች።

ሻርፔን ጨብጬ ነበር፤ ቋጠሮው መዳፌን ወጋኝ። ማንም ጣቷን አላየ። ዳይሬክተሩ ሥዕሉን ነው የሚያየው፤ ቀጂው የድምፅ መለኪያውን መርፌ ነው የሚያየው፤ አማት ደግሞ ፊቷን አዙራ ሄዳለች። ራዲዮ ስትወጣ በግራ ጉንጯ ፈገግ ብላለች፤ ቀኝ አይኗ ቀልቷል፤ እንባው እንዳይወርድ ቀና ብላ ነው የምትራመደው።

«ነገ ጠዋት ትጀምሪያለሽ» አላት ዳይሬክተሩ። «እናትየዋ ያንቺ ናት። ድራማው ረጅም ነው፤ የልጇን ገዳይ እየፈለገች፣ ቀብሩ ላይ እየወደቀች፣ እስከ መጨረሻው ታለቅሳለች። እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የምታመጪው? ዘዴሽ ምንድን ነው?»

«ልምምድ ነው» አለች።

«ጎበዝ። ብቻ ምንም ነገር እንዳትቀይሪ። ልክ እንደዛሬው ሆነሽ ነይልኝ።»

አውቶቡስ ውስጥ ሻርፔን መፍታት ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ቤት» አለች፤ ከዚያ በላይ መናገር አቅቷታል። ደስ ብሏት እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ግን ደስታ እንደዚያ ሲሆን አይቼ ስለማላውቅ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፋኝ።

እናቷ ስትሰማ እቃ ከእጇ ጣለች። «የኔ ልጅ! የኔ ልጅ በቴሌቪዥን!» እያለች በሩን በርግዳ ልብስ ሰፊዋን ጠራች፤ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች። አጎቷ ጋ ተደወለ፤ ሱቁ ቀርቷል፣ ሰው ፈልግ ተባለ። ልጄ እንዲህ ስትፈነድቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ክፉ ሰው እኮ አይደለችም፤ ራጁ ንጹህ ነው ሲሏት እፎይ ብላ ያመነች እናት ናት። ማን እናት ነው ንጹህ አይደለም እንዲሏት የምትፈልገው?

«ጠዋት ምን አልኩሽ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋን። «ትወና ነው አላልኩሽም? ይኸው! ቤት ውስጥ በነጻ ስትሠራብኝ የከረመችውን አሁን በገንዘብ ልትሠራው ነው! በይ የኔ ልጅ፣ ያን ጩኸት እስቲ አንዴ አሰሚን።»

«እማዬ፣ ደክሞኛል።»

«ለባዳ ስትጮሂ ውለሽ ለናትሽ ስትሆን ይደክምሻል? በሞቴ! አንዴ ብቻ!»

«አንዴ ብቻ» አለች ልብስ ሰፊዋም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ራዲዮ እናቷን አየቻት፤ እናቷ እንደ ሕፃን ልጅ እጇን አገጯ ሥር ሰብስባ ትጠብቃለች። እንዲህ አድርጋ አይታት አታውቅማ። የልጅቷ እጅ ከጭኗ ላይ ሲነሳ አየሁ። ጣቷ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ።

እኔ ወደቅሁ።

እንዴት እንደወደቅሁ ብታዩ! መጀመሪያ አንድ «እህህ» አልኩ፤ ከዚያ ግድግዳውን ያዝኩ፤ ከዚያ አይኔን ገልብጬ፣ ወገቤን እንዳልሰብረው ጠንቀቅ እያልኩ፣ ፍራሹ ላይ ዘጭ። «እናቴን!» ብላ ልጄ ጮኸች። «ደም ግፊቷ ነው! ውሃ! ልብሷን ፍቱላት!» ልብስ ሰፊዋ እግሬን ታነሳለች፣ ልጄ ደረቴን እያሸች ታለቅሳለች። ራጅ ያለኝ የለም። አንድም ሰው ትወና ነው አላለም። ለሐሰቴ የፈሰሰውን እንባ ሩቡን ለዚያች ልጅ እውነት ቢያፈሱላት ብዬ፣ የጨፈንኩት አይኔ ሥር የራሴ እንባ መጣ፤ እሱ እንኳ እውነተኛ ነበር።

«አየር! አየር ስጧት!» አለች ልጄና ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

የማታው ነፋስ ገባ። ራዲዮ በላዬ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ፊቷን ሳትሸፍን። በአንድ አይኔ አየኋት። ትንፋሿ ቀጥ አለ፤ ከንፈሯ ነጣ፤ ጥርሷን እንኳ መንከስ ስለማትችል አፏ ክፍት እንደሆነ፣ ያለ ድምፅ፣ ግንባሯን ክንዴ ላይ ደፋችው። ጣቶቿ ክንዴ ውስጥ ገቡ።

«አንቺ ደግሞ አሁን እንዳትጀምሪ!» አለቻት እናቷ። «አያትሽ ልትሞት ነው፤ ትንሽ አታፍሪም?»

ልጄ ስኳር ውሃ ልትበጠብጥ ስትሮጥ፣ ልብስ ሰፊዋ ትራስ ልታመጣ ስትሄድ፣ የሻርፔን ጫፍ ፈታሁት። ኪኒኗ ላብ ነክቷት ትንሽ ሟሙታለች። ከንፈሯ ሥር አመጣሁላት።

«ዋጪ» አልኳት ቀስ ብዬ። «ዋጪ የኔ እናት። ፈተናው አልቋል።»

ራዲዮ ቀና አለች። ኪኒኗን አየቻት፤ የተራበ ሰው ምግብ እንደሚያይ ነው ያየቻት። ከዚያ ከመዳፌ ላይ በሁለት ጣቷ አንስታ ሻርፔ ላይ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ነገ ጠዋት ቀረጻ አለኝ እማማ» አለች።

ጫፉን ሰበሰበችና ቋጠረችው። ልል የሆነባት ይመስል፣ በላዩ ላይ ደገመችበት።